ሰሃኑን ገልብጡት! የጃፓን ሸክላ ከታቹ ምን ይላል?

ጽሑፉ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የማወራችሁም ቡና ስለምንጠጣበት ዕቃ የሩቅ ዘመዶች ነው።

"ሲኒ" የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም "የቻይና" ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በቀን ሦስቴ የአንድ ሩቅ አገር ስም እንጠራለን ማለት ነው። የሚገርመው ግን በእናቴ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት አሮጌ ሲኒዎች ሲገለበጡ ታቹ ላይ "ሜድ ኢን ጃፓን" ይላሉ። ስሙ የቻይና፣ ሥራው የጃፓን፣ ጽሑፉ የእንግሊዝ!

ታሪክ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቁ፣ በተለይ ውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዙትን ሰሃን ገልብጠው ፎቶ ይልኩልኛል። "ቲቸር፣ ይሄ ምን ይላል? ዋጋ ያወጣል እንዴ?" ዋጋውን ለነጋዴ እንተወውና "ምን ይላል?" የሚለውን ዛሬ አብረን እንመልስ። ምክንያቱም የጃፓን ሸክላ ታች የሚገኘው ምልክት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው፦ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሐሰት የተጻፈበትም ቢሆን ግን የሚነግረን ነገር አያጣም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ምንም ያልተጻፈበት መጀመሪያ

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። የጃፓኑ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ባለው ጊዜ ኮሪያን ሁለት ጊዜ ወረረ። ወረራው አልተሳካም፤ እሱም በ1598 ሞተ። አብረው የዘመቱት የጃፓን መሳፍንት ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን ማርከው፣ በመርከብ ጭነው ወደየግዛታቸው ወሰዱ። ይህን ጦርነት "የሸክላ ጦርነት" ብለው የሚጠሩት ሰዎች አሉ።

ሸክላ ሠሪ ለምን ይማረካል? ጃፓን ያኔ ጥሩ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ፖርሴሊን ግን አታውቅም ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው። ተራ ሸክላ ከማንኛውም ጥሩ ጭቃ ይሠራል። ፖርሴሊን ግን ካኦሊን የሚባል ማዕድን ያለበት ነጭ አፈር ወይም ድንጋይ ይፈልጋል፤ የሚቃጠለውም በ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሲወጣ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ቀጭን ከሆነም ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። በጥፍር ሲመቱት እንደ ደወል ይጮሃል። ለዚያ ዘመን ሰው ይሄ ከወርቅ የማይተናነስ ነገር ነበር።

በኪዩሹ ደሴት፣ በናቤሺማ መሳፍንት ግዛት ውስጥ አሪታ የምትባል ቦታ አለች። የአካባቢው ታሪክ እንደሚናገረው ዪ ሳም ፕዮንግ የሚባል፣ ከኮሪያ የመጣ ሸክላ ሠሪ፣ በ1616 ኢዙሚያማ በተባለ ኮረብታ ላይ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ድንጋይ አገኘ። ጃፓኖች ካናጋኤ ሳንቤ የሚል ስም ሰጡት። ዛሬ ከከተማዋ በላይ ኮረብታ ላይ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። አሪታም በ2016 የፖርሴሊኗን 400ኛ ዓመት አክብራለች።

ሌላም ሴት አለች። ባሏ እንደ እሷው ከኮሪያ የመጣ ሸክላ ሠሪ ነበር። በ1618 ሲሞትባት እሷ መሪ ሆና፣ እንደሚባለው 900 የሚያህሉ ወገኖቿን ይዛ ወደ አሪታ ተዛወረች። በ1656 በ96 ዓመቷ አረፈች። የልጅ ልጅ ልጇ በ1705 የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላት። ስሟ ማን ነበር? አይታወቅም። የምትታወቀው "ህያኩባሰን" በሚል መጠሪያ ነው፤ "የመቶ ዓመቷ አሮጊት" እንደማለት ነው፣ በአክብሮት። ያን ሁሉ ሰው መርታ፣ አንድ ሙሉ ሙያ በሰው አገር ተክላ፣ የቀረላት ስም "አሮጊቷ" ነው።

እነዚህ ሰዎች የሠሯቸውን የመጀመሪያ ዕቃዎች ብትገለብጡ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አታገኙም። ስም የለም፣ ማኅተም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ምልክት የሌለው ዕቃ ርካሽ ወይም ሐሰተኛ ነው አትበሉ። ከምርጦቹ አንዳንዶቹ ምንም አልተጻፈባቸውም።

2. የሌላ አገር ንጉሥ ስም

ጥቂት ቆይቶ በአሪታ ዕቃዎች ታች ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ መታየት ጀመረ። ብዙ ጊዜ ስድስት ፊደላት ናቸው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ዓምድ ይቆማሉ። የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፣ መጀመሪያ የቀኙ ዓምድ፣ ከዚያ የግራው። ትርጉሙ ሲወጣ "በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን የተሠራ" ይላል።

እንግዲህ አስሉ። ሚንግ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው። የቼንግኋ ዘመን ደግሞ ከ1465 እስከ 1487 ነው፤ ሲጀምር የእኛው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሕይወት ነበሩ። ጃፓን ፖርሴሊን መሥራት የጀመረችው ከዚያ ዘመን ማብቂያ ወደ 130 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በአገሩም በዘመኑም ልክ አይደለም።

ማጭበርበር ነው ታዲያ? ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። የቼንግኋ ዘመን ፖርሴሊን የጥራት መለኪያ ነበር። ቻይናውያኑ ራሳቸው በኋለኞቹ ዘመናት ይህንኑ ስም በራሳቸው ሥራ ላይ ይጽፉ ነበር። ለጃፓኑ ሠሪም ጽሑፉ "ይሄ እንደ ጥንቱ ያማረ ነው" የማለት ያህል ነበር። በቼንግኋ ብቻ አልቆመም፤ የሹዋንደ፣ የጂያጂንግና የዋንሊ ዘመን ስሞችም ይገኛሉ። ሲለመድ ደግሞ ፊደሎቹ የጌጥ አካል ሆኑ።

ጽሑፉ ካልረዳን በምን እንለያለን? በአካሉ ነዋ! ትልቅ ሰሃን በእቶን ውስጥ ሲግል መሐሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የአሪታ ሠሪዎች ይህን ለመከላከል ከታች ትንንሽ ሹል የሸክላ ድጋፎች ያስቀምጡ ነበር። ዕቃው ከበረደ በኋላ ድጋፉን ሰብረው ሲያነሱት ጠባሳ ይቀራል፤ ታቹ ላይ ሦስት፣ አራት፣ አምስት የሚሆኑ ትንንሽ ነጠብጣቦች። የቻይና ሠሪዎች እንዲህ የማድረግ ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ "ታላቁ ሚንግ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሰሃን ገልብጣችሁ ዙሪያውን እነዚያን ጠባሳዎች ካያችሁ፣ ጽሑፉ ቻይና ቢልም ጠባሳው አሪታ እያለ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ታሪክ ማስረጃ ሳስተምር ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ፤ ሰው አስቦ የጻፈውና ሳያስበው የተወው አሻራ ሲጋጩ፣ ብዙ ጊዜ የሚታመነው አሻራው ነው።

3. ሞካ፣ ኢማሪና የደች ነጋዴዎች

በ1644 የሚንግ መንግሥት ወደቀ። ቻይና በጦርነት ስትታመስ የፖርሴሊን ንግዷ ተናጋ። ፖርሴሊን ወደ አውሮፓ ያመላልስ የነበረው የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነበረበት። እንደ ዕድል ሆኖ ጃፓን ያኔ ከአውሮፓውያን ሁሉ እንዲነግዱ የፈቀደችው ለደቾች ብቻ ነበር፤ እነሱም ከ1641 ጀምሮ በናጋሳኪ ወደብ ደጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወስነው ይኖሩ ነበር።

በ1659 ኩባንያው ለአሪታ ከ50 ሺህ በላይ ዕቃ አዘዘ። ከዚያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበረው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደ ሞካ! ከቀይ ባሕር ማዶ፣ እዚሁ የመን ያለችው የቡና ወደብ። የጃፓን ፖርሴሊን ወደ ዓለም ገበያ በሰፊው ሲወጣ ቡና ጠጪው ዓለም ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የስም ነገር እንደገና ይመጣል። የአሪታ ዕቃ የሚጫነው በአቅራቢያዋ ካለችው ከኢማሪ ወደብ ነበር። ስለዚህ ዓለም "ኢማሪ" ብሎ ጠራው፤ ዛሬም ድረስ ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም ያለበት የጃፓን ፖርሴሊን በዚሁ ስም ይታወቃል። ልክ ከወደቡ ርቆ የበቀለው ቡና "ሞካ" እንደተባለው። ስሙን የወሰደው የጫነው ወደብ ነው፣ ያመረተው ቦታ አይደለም። ይሄ ነገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም መሰለኝ።

አንዳንድ ሰሃኖች መሐላቸው ላይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉባቸው፤ ቪ፣ ኦ እና ሲ። ይህ የደች ኩባንያው መለያ ነው። የሠሪ ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ የገዢ ምልክት ነው። ሁለተኛው ሕግ ይኸውላችሁ፦ ዕቃ ላይ ምልክት ስታዩ መጀመሪያ "የማን ነው?" በሉ። የሠሪው፣ የአዛዡ፣ የነጋዴው ወይስ የባለቤቱ?

የማንም ያልሆነ ምልክትም አለ። በካሬ ውስጥ የተጻፈ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ "ፉኩ" ይባላል፣ ትርጉሙም በረከት ወይም መልካም ዕድል ነው። በዝነኛው የካኪኤሞን ቤተሰብ ሥራ ላይ ይገኛል፤ ግን በሌሎች ብዙ ቤቶች ሥራም ላይ አለ። ስለዚህ ፉኩ ያለበት ሁሉ ካኪኤሞን አይደለም። ምርቃት እንጂ ፊርማ አይደለም።

የናቤሺማ መሳፍንት ራሳቸው ያሠሩት ምርጥ ዕቃ ደግሞ የሚለየው በሌላ ነገር ነው። ይህ ዕቃ ለገበያ ሳይሆን ለመስፍኑ ቤትና ለሾጉኑ ስጦታ የሚሠራ ነበር። ስም አይጻፍበትም፤ ነገር ግን የሚቆምበት ቀለበት ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩ ሰማያዊ መስመሮች ይጌጣል። ስጦታ የሚቀበለው ሰው ከማን እንደመጣ ያውቃል፤ ስም መጻፍ ምን ያደርጋል?

4. ስም የወጣበት ዘመን

በ1868 የሜጂ ዘመን ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ በ1871 የመሳፍንቱ ግዛቶች ፈረሱ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጌታም ደንበኛም አጡ፤ ለዓለም መሸጥ ግድ ሆነባቸው። በ1867 ፓሪስ፣ በ1873 ቪየና፣ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ የተደረጉት የዓለም ኤግዚቢሽኖች የጃፓንን ዕቃ አስወደዱት። ገዢው ሩቅ ነው፣ አያውቅህም፤ ስለዚህ ስምህን ጻፍ! ከዚህ በኋላ የዕቃዎቹ ታች በጽሑፍ ተሞላ።

የተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ "ዳይ ኒፖን"፣ ማለትም ታላቋ ጃፓን። ቀጥሎ የቦታው ስም። ቀጥሎ የሠሪው ወይም የድርጅቱ ስም። መጨረሻ ላይ "ሴ" ወይም "ዞ" የሚነበብ ፊደል፤ ሁለቱም "ሠራው" ማለት ናቸው።

ጃፓንኛ ሳታውቁ ሦስቱን ፊደላት እንድትለዩ ላሳያችሁ። "ዳይ" እጁንም እግሩንም የዘረጋ ሰው ይመስላል፤ ታላቅ ማለት ነው። "ኒ" መሐሉ ላይ አንድ አግዳሚ ያለው የቤት መስኮት ይመስላል፤ ፀሐይ ማለት ነው። "ፖን" ግንዱ ታች ላይ አጭር ሰረዝ የተሰመረበት ዛፍ ይመስላል፤ ሥር፣ መነሻ ማለት ነው። ፀሐይ የሚነሣበት አገር! ሰው፣ መስኮት፣ ዛፍ በተከታታይ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሜጂ ዘመን የውጭ ገበያ ዕቃ ይዛችኋል፤ ግን ይህን አጻጻፍ በኋላም የተጠቀሙበት ስላሉ ሌላውንም ማስረጃ እዩ።

ብዙ የምታገኟቸው ሌሎቹ፦

ኩታኒ፦ "ዘጠኝ ሸለቆ" የሚል ትርጉም ያለው የቦታ ስም ነው፤ በሁለት ፊደላት ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም። የቦታና የሥራ ዓይነት መጠሪያ እንጂ የአንድ ሰው ስም አይደለም።

ሳትሱማ፦ በክብ ውስጥ ያለ መስቀል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ "ክርስቲያኖች ናቸው የሠሩት" ይላል። አይደለም፤ የሳትሱማ ገዥ የነበረው የሺማዙ ቤተሰብ አርማ ነው። ሳትሱማ ደግሞ በትክክል ከተነገረ ፖርሴሊን አይደለም፤ ቅቤ መልክ ያለው፣ ቅቡ በጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላ ሸክላ ነው። ፈረንጆች ስለወደዱት በኪዮቶም በሌሎች ከተሞችም በብዛት ተሠራ፤ አርማውም አብሮ ተጓዘ። ስለዚህ መስቀሉ ብቻውን "ከሳትሱማ ነኝ" ለማለት አይበቃም።

ኮራንሻ፦ በ1870ዎቹ አሪታ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ስሙ "ባለ መልካም መዓዛ ኦርኪድ" የሚል ሐሳብ ስላለው ምልክቱም የኦርኪድ አበባ ነው።

ፉካጋዋ፦ በ1894 የተመሠረተ የአሪታ ድርጅት ነው፤ ምልክቱ የፉጂ ተራራና ከሥሩ የሚፈስ ውሃ።

5. አገር ስሙን የቀየረበት ሕግ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። በ1890 የአሜሪካ ምክር ቤት የማኪንሊ ታሪፍ የሚባል ሕግ አወጣ። ሕጉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የመጡበት አገር ስም በሚነበብ እንግሊዝኛ እንዲጻፍባቸው አዘዘ፤ ከመጋቢት 1891 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ጃፓኖች ታዲያ የአገራቸውን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ፦ "ኒፖን"። እነሱ አገራቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነዋ።

ይህ ለሠላሳ ዓመት ሄደ። በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ "ኒፖን የጃፓንኛ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛ አይደለም፤ 'ጃፓን' ተብሎ ይጻፍ" ብሎ ወሰነ። ፋብሪካዎቹም ማኅተማቸውን ቀየሩ። አንድ አገር በገዛ ዕቃው ላይ የገዛ ስሙን መጻፍ ተከለከለና፣ ሌሎች የሚጠሩትን ስም መጻፍ ጀመረ።

ለሰብሳቢዎች ግን ይህ ውሳኔ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዘመን መለያ ሰጥቷቸዋል። በግርድፉ እንዲህ ያዙት፦

በጃፓን ፊደል ብቻ፣ ወይም ምንም ያልተጻፈበት፦ ከ1891 በፊት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ የኋላ ዕቃም ሊሆን ይችላል።
"ኒፖን"፦ ብዙውን ጊዜ ከ1891 እስከ 1921።
"ጃፓን" ወይም "ሜድ ኢን ጃፓን"፦ በብዛት ከ1921 ወዲህ።
"ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን"፦ ከ1947 እስከ 1952።

"ብዙውን ጊዜ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕጉ የአሜሪካ ነው። ወደ ሌላ አገር የተላከ ወይም እዚያው ጃፓን የተሸጠ ዕቃ በዚህ አይታሰርም።

የዚህ ዘመን ዋናው ድርጅት ሞሪሙራ ወንድማማቾች ነው። በ1876 ተመሥርቶ፣ አንደኛው ወንድም ቶኪዮ፣ ሌላኛው ኒው ዮርክ ሆነው ይነግዱ ነበር። በ1904 ከናጎያ አጠገብ፣ ኖሪታኬ በምትባል መንደር ፋብሪካ አቋቋሙ። ዛሬ በዓለም የታወቀው ኖሪታኬ ይኸው ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከሚጠቀሙባቸው ማኅተሞች አንዱ በቅጠል ጉንጉን ውስጥ ያለ "ኤም" ፊደል ነበር፤ ኤም ሞሪሙራ ለሚለው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኤሙ ቦታ "ኤን" ገባ፣ ኖሪታኬ ለማለት። ስለዚህ አንዷ ፊደል ብቻ ዘመኑን ትለይላችኋለች።

ከዚሁ ፋብሪካ አንድ የማደንቀው ነገር ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥሬ ዕቃው ጠፍቶ፣ መሣሪያው አርጅቶ ምርቱ እንደ ድሮው አልሆን አለ። ድርጅቱ ታዲያ ዝነኛ ስሙን ከዕቃው ላይ አነሣና ለጊዜው "ሮዝ ቻይና" በሚል ሌላ ስም ሸጠ። ጥራቱ ሲመለስ ስሙንም መለሰ። ስም ማለት ቃል ኪዳን መሆኑን የገባው ሰው የሚያደርገው ይህን ነው።

6. የሸክላ ሠሪው ልጅ እና "የተያዘችው ጃፓን"

"ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን" ማለት "በተያዘችው ጃፓን የተሠራ" ማለት ነው። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ በአሜሪካኖች በሚመራው ጦር ቁጥጥር ሥር ዋለች። በ1947 የውጭ ንግዷ እንደገና ሲከፈት ብዙ ዕቃዎች ይህን ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ሚያዝያ 1952 የሰላም ስምምነቱ ሲጸና ጽሑፉም ቀረ። የሽንፈትን ዜና የሻይ ስኒ ታች ላይ ማተም! ዛሬ ይህን ጽሑፍ ፈልገው የሚሰበስቡ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ምርኮኞች ልመልሳችሁ። ወደ ሳትሱማ ከተወሰዱት ኮሪያውያን ብዙዎቹ ናኤሺሮጋዋ በሚባል መንደር ሰፈሩ። የሳትሱማ ገዥዎች የኮሪያ ስማቸውን፣ ልብሳቸውንና ቋንቋቸውን እንዲጠብቁ አደረጓቸው፤ ከጃፓኑ ሕዝብ ተለይተው ለሦስት መቶ ዓመት ሸክላ ሠሩ። በ1882 በዚህ መንደር ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ አንድ ልጅ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም "ፓክ" የሚለው የኮሪያ ስም ነበር፤ ጃፓኖች "ቦኩ" ብለው ያነቡታል። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ "ቶጎ" የሚል የጃፓን ስም አወጣ።

ያ ልጅ ቶጎ ሺጌኖሪ ነው። በታኅሣሥ 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እሱ ነበር። በነሐሴ 1945 እጇን ስትሰጥም በዚያው ወንበር ላይ የነበረው እሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቶኪዮው ፍርድ ቤት 20 ዓመት ፈረደበት፤ በ1950 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። በዚያው ዓመት የጃፓን ፋብሪካዎች ስኒ ታች ላይ "የተያዘችው ጃፓን" የሚለው ማኅተም ገና አልጠፋም ነበር።

ከተማረኩ ሸክላ ሠሪዎች መንደር ወጥቶ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ የማረከችው አገር ሚኒስትር ሆኖ፣ ከእርሷ ጋር ተሸንፎ የሞተ ሰው። የስም ጉዳይ በሸክላ ታች ብቻ እንደማያልቅ የገባኝ የእሱን ታሪክ ሳነብ ነው።

7. ለገዢዎች አጭር ምክር

የዋጋ ነገር አላወራም ብያለሁ፤ ግን ገንዘባችሁን እንዳትበሉ ያህል፦

አንደኛ፣ ማኅተም ከዕቃው ይልቅ ለመቅዳት ቀላል ነው። የኒፖን ዕቃ ሲወደድ ሐሰተኛው በዛ። በጉንጉኑ ውስጥ ኤም መኖር ሲገባው የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ ያለባቸው፣ ወይም ጉንጉኑ የተገለበጠባቸው ይታወቃሉ። አንዳንዶቹ ሲገቡ የሠሩበት አገር በሚላጥ ወረቀት ብቻ ተለጥፎባቸው ነበር፤ ወረቀቱ ሲላጥ "ጥንታዊ" ሆኑ!

ሁለተኛ፣ "ሮያል ሳትሱማ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተረጋጉ። በቅርብ ጊዜ የተሠሩ የቻይና ዕቃዎች ላይ የሚገኝ ጽሑፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጽሑፉ በፊት ዕቃውን እዩ። የሚቆምበት ቀለበት ላይ ቅብ የሌለበት ቦታ እንዴት አርጅቷል? ሥዕሉ በእጅ ነው ወይስ የታተመ? በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ በትንንሽ ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ የብሩሽ ሥራ አይደለም፤ ኅትመት ነው። ታቹ ላይ የድጋፍ ጠባሳ አለ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ጽሑፉን አንብቡና ከአካሉ ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቁ።

8. ለእኛስ?

"ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?" የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ አስተምሬያችኋለሁ እኮ!

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ነበር። ሲመለሱም "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። ያኔ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን በአርአያነት ያዩ ነበር፤ ነጭ ሳይሆን የሠለጠነ፣ በቅኝ ግዛት ሳይያዝ ፋብሪካ ያቆመ አገር። ጉጉታቸው ተገቢ ነበር። ግን ሰሃኑን ገልብጠን ስናየው የምናገኘው ከዚያ የተወሳሰበ ነገር ነው። ሙያው በምርኮ የመጣ ነው። ስሙ መጀመሪያ ከቻይና የተበደሩት፣ በኋላ የአሜሪካ ጉምሩክ የመረጠላቸው ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ሥራው ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልተቋረጠም፤ አሪታ ዛሬም እቶኗ ይነድዳል። አንድን አገር አርአያ ስናደርግ ፊት ለፊቱን ብቻ ሳይሆን ታቹንም ገልብጠን ብናይ የምንማረው ይበዛል።

እንግዲህ የቤት ሥራ። ተመርቄያለሁ ብላችሁ እንዳታመልጡ!

አንደኛ፣ ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሲኒ፣ ሰሃን ወይም የአበባ ማስቀመጫ ገልብጡና ታቹን በደንብ ባለ ብርሃን ፎቶ አንሥታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡ። ጽሑፉን ብቻ አታንሡ፤ የሚቆምበትን ቀለበት ጭምር። አብረን እናነባለን።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ጀበናችሁንም ገልብጡት። ታቹ ላይ ጥቀርሻ እንጂ ስም አታገኙም። ግን ያቺን ጀበና የሠራች አንዲት ሴት አለች፤ ከገበያ የገዛችው እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ታውቃት ይሆናል። የት አገር ሰው እንደሆነች፣ አፈሩን ከየት እንደምታመጣው፣ ሙያውን ከማን እንደተማረችው ጠይቁ። እሷን ካገኛችኋትና ከፈቀደች ደግሞ ስሟን ከነአባቷ ጻፉልኝ።